ያልተጠረገ ዳር

ቆመዋል ታንኳዎቹ። አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ ጀርባቸውን ለጣና ሰጥተው፣ ቆመዋል። ውሃው ከጎናቸው ይወርዳል። ጠብ… ጠብ… ጠብ።

ከሐይቁ ቄጠማ፣ ከደንገል የታሰረ ታንኳ እንዲህ ነው። ሲቀዘፍ ውሎ ውሃ ይጠጣል፣ እንደ እርጉዝ ላም ይከብዳል። ካልቆመ አይደርቅም፤ ካልደረቀ አይንሳፈፍም፤ ካልተንሳፈፈ የጉማሬ በር መንደር ሰው ዓሣ አይበላም።

መቆሚያው ደግሞ ዳሩ ነው። አጥር የለው፣ በር የለው። ደንገል ይሰጣበታል፣ መረብ ይዘረጋበታል፣ ላም ተኝታ ታመሰኳበታለች። የማን ነው? የሁሉም። ከቅድመ አያት ጀምሮ የወል ነው።

እንግዳ ሲመጣ ግን ይጠረጋል።

ጉማሬ በር ድሃ ናት እንጂ ዝርክርክ አይደለችም። ጥር ላይ «ከወረዳ ኮሚቴ ይመጣል» ተባለ። ምን ሊሠራ? ማንም አልጠየቀም። እንግዳ ለምን መጣህ አይባልማ! ታንኳውን ሸሸጉት ከደንገሉ መሀል፤ ከብቱን ነዱት ወደ ማዶ፤ መረቡን ጠቀለሉት። አያ እንዳላማው፣ ከመንደሩ ታንኳ ሠሪዎች ሁሉ አንጋፋው፣ የክትክታ ቅርንጫፍ ዘንጥፎ ራሱ ጠረገ። ሚስቱ እታፈራሁ ከኋላው ውሃ እየረጨች አቧራውን አስተኛች።

ኮሚቴው መጣ። አየ።

«እንዴት ያለ ንጹሕ ቦታ ነው!» አለ ሰብሳቢው። እታፈራሁ በደስታ አንገቷን ሰበረች።

ሰብሳቢው ጻፈ። ሁለት ቃል ብቻ ጻፈ… ባዶ መሬት።

ሚያዝያ ላይ ሰሌዳ ተተከለ። የቱሪስት ማረፊያ ሎጅ ሊሠራ ነው። በሰሌዳው ሥዕል ላይ ሰማዩ ከጉማሬ በር ሰማይ ይልቅ ሰማያዊ ነው። ላም የለበትም። መረብ የለበትም። ታንኳ ግን አለ፤ አንድ፤ ከመግቢያው በር አጠገብ፣ አበባ ተተክሎበት።

እንዳላማው ሥዕሉን አየና ወረዳ ሄደ።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጠው፤ መዝገቡንም ገልጦ አሳየው።

«ይኸው አባቴ፣ ባዶ መሬት ይላል።»

«ባዶ አይደለም። ጠርገነው ነው።»

«ለምን ጠረጋችሁት?»

«እናንተ ልትመጡ ነዋ!»

ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠ።

«እንግዲህ ሐሙስ እንደገና እናያለን። ያየነውን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ግን መዝገቡ ይዘጋል።»

ያየነውን እንጽፋለን… እንዳላማው ይህችን ቃል እንደ ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ አገሩ ገባ።

«ሐሙስ ማንም እንዳይጠርግ!» አለ፣ ሰው ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ።

ሳቁበት።

«አያ እንዳላማው፣ የወረዳ ፀሐይ መታህ እንዴ?»

«ደንገሉ ይዘርገፍ። ከብቱ ይዋል። ታንኳ ሁሉ ይቁም።»

«እንግዳ እበት ላይ ላቁም?» አለች እታፈራሁ። «እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትፋረደኛለች!»

«ትነሳ። መጥታ ትቁምበት፤ ቦታውን ትሙላልን።»

አልሳቀችም። እሱም ሚስቱን ያውቃል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የየቤቱን መጥረጊያ ለቅሞ ጎተራው ውስጥ ቆለፈበት።

እንግዳ ሲመጣ ይጠረጋል። ሐሙስ አልተጠረገም።

አልተጠረገም ደንገሉ። አልተጠረገም የዓሣ ቅርፊቱ። አልተጠረገም እበቱ፣ እርጥቡም ደረቁም። መኪናው መጥቶ ከዳሩ ውጭ ቆመ፤ መግቢያ የለማ። ሰብሳቢው ወረደ፤ ለእግሩ ማሳረፊያ ፈለገ። ግራ ቢል መረብ። ቀኝ ቢል ጥጃ። በታንኳዎቹ ሥር ሊሾልክ ጎንበስ ቢል፣ ውሃው ማጅራቱ ላይ… ጠብ።

ከፊቱ አንድ እስር ደንገል ተጋድሟል።

የእንዳላማው እጅ ተንቀሳቀሰ። ዕድሜውን ሙሉ የለመደ እጅ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ያነሳል፣ ገለል ያደርጋል፣ መንገድ ይሰጣል… በአንዱ እጁ ሌላውን ያዘው። ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

ሰብሳቢው ተደናቀፈ።

«እኔን!» አለች እታፈራሁ። «እኔን!» አሉ ሴቶቹ ሁሉ። እንዳላማው ከንፈሩን ነከሰ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አለ ሰብሳቢው ሱሪውን እያራገፈ።

«ሥራችን ነው፣ ጌታው።»

«የምንቆምበት እንኳ የለም እኮ!»

በዕድሜው ሙሉ ለእንግዳ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቶ አያውቅም እንዳላማው።

«የለም» አለ።

ሰብሳቢው ጻፈ፤ አንድ እግሩ መሬት፣ አንድ እግሩ ደንገሉ ላይ ሆኖ ጻፈ። እንዳላማው ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ለመነው። አነበበለት፤ በብስጭት።

«የወል መሬቱ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። ለሌላ አገልግሎት የሚውል ትርፍ ቦታ የለውም።» ማጅራቱን ጠረገና አንድ መስመር ጨመረ። «ለእንግዳ መቆሚያ እንኳ የለውም።»

መዝገቡን ዘጋ። ሰሌዳውን አስነቅሎ መኪናው ላይ ጫነ። ሄደ።

መንደሩ እልል አለ። እታፈራሁ አላለችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

«ለእንግዳ መቆሚያ የለውም… በመንግሥት መዝገብ! የልጅ ልጆቻችን ያነቡታል፣ አንተ ሰው!»

እውነቷን ነው። ያነቡታል። እዚሁ ዳር ላይ ተቀምጠው ያነቡታል።

ይህን ሊነግራት ዞር ሲል ከአጠገቡ የለችም።

ቆመዋል ታንኳዎቹ። አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ ቆመዋል… ጠብ… ጠብ። ከእነሱ ወዲያ፣ መኪናው ቆሞ ከነበረበት፣ እታፈራሁ አዲስ የቀነጠሰችውን የክትክታ ቅርንጫፍ ይዛ፣ ጎንበስ ብላለች። ደንገሉን አልነካችም። እበቱን አልነካችም። የምትጠርገው የመኪናውን ጎማ ዱካ ነበር… እሱን ብቻ፣ ቀስ እያለች፣ እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ።