መሕሙድ የደፈናት ቀዳዳ

ኮምቦልቻ ውስጥ የመሕሙድን ጋራዥ የማያውቅ ሾፌር ካለ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ መኪናው ገና አዲስ ነው። መሕሙድ አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር ሲምል ኖሯል፦ «ከኔ ደጅ እየተነፈሰ የሚወጣ መኪና የለም፣ ወላሂ።» ለዚህም ከኮምፕሬሰሩ ጎን የሳሙና አረፋ የሞላ ጣሳ አለው። ቱቦው ሁሉ አረፋ ይቀባል፤ አረፋው ከተንቀሳቀሰ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳ ካለ ይደፈናል። በዚህ ነገር ከሱ ጋር መከራከር ከሐረጎ ተራራ ጋር መገፋፋት ነው።

የምንይሉ መኪናም እንዲሁ ነው አረፋ የተቀባችው። ምንይሉ ቤቱ ደሴ፣ ሥራው ኮምቦልቻ የሆነ ሰው ነው፤ ጠዋት ሐረጎን ይወርዳል፣ ማታ ይወጣዋል። መኪናዋን ከነቱርቦዋ የገዛት ከዱባይ ካስመጣት ሰው ነው። የፊተኛው ባለቤቷ ጉልበት ይጨምርላት ብሎ አውራ ጣት የምታህል የናስ ቫልቭ ገጥሞላት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቱርቦው አየር እየገፋ ሞተሩን ያበረታዋል፤ ግፊቱ ሲበዛ ያው አየር አንዲት ትንሽ በር ይከፍትና ጉልበቱን ያበርደዋል። የናሷ ቫልቭ ሥራ በሯ መቼ ትከፈት የሚለውን መወሰን ነው። አናቷ ላይ ያለችው ብሎን በጠበቀች ቁጥር በሯ ትዘገያለች፣ መኪናዋም ትጎለብታለች።

ከወር በፊት ይቺ መኪና ዘይት ልትቀይር መጥታ ሳለ፣ መሕሙድ ቫልቯን አረፋ ቢቀባት ከጎኗ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አረፋ ስትተፋ አገኛት። በማስቲሽ ደፈናት፣ በአውራ ጣቱ አለሰለሳት፣ ከዚያ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። «ዱባዮች ያላዩትን እኔ አየሁት» እያለ ሳምንት ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ከረመ።

አሁን ግን ምንይሉ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ መጥቷል።

«ጋሽ መሕሙድ፣ እንደ ድሮዋ አይደለችም» አለ። «ሐረጎን ስጀምር ደህና ትወጣለች። አንዴ እግሬን ከነዳጁ አንስቼ ማርሽ ከቀየርኩ ግን አለቀላት። የጫነ አይሱዙ እያለፈኝ ነው።»

መሕሙድ ቱቦውን ቀይሯል። ማሰሪያውን ቀይሯል። የቫልቯን ብሎን ግማሽ ዙር አጥብቋል። ጠብ ያለ ነገር የለም።

«እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም» አለ ምንይሉ አንገቱን ደፋ አድርጎ። «ግን ነገ አዲስ አበባ ልወስዳት ነው።»

መሕሙድን ያቃጠለው ይህ ነው። መኪናዋ ትሂድ፤ ወሬዋ ግን አብሯት አይሄድም፣ እዚሁ ይቀራል። አንዲት ልጁ ራሂማ ስድስት ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ስትጠግን ኖራ፣ ከሦስት ወር በፊት ሥራዋን ለቃ ቱታዋን እሱ ጋ የሰቀለችው ስሙን ተማምና ነው። ሾፌሮቹ ገና «ሴት ልጅ ኮፈን ልትከፍት?» እያሉ ይስቃሉ። መሕሙድ ለልጁ የሚያወርሰው ሕንፃ የለው፣ መሬት የለው፤ ያለው ስሙ ብቻ ነው። እሱም ከነገ ጀምሮ መሳቂያ ሊሆን ነው።

«እስቲ እኔ ልንዳት» አለች ራሂማ እጇን በጨርቅ እየጠረገች።

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ» አለ መሕሙድ። ግን አልከለከላትም፤ የሱ ብልሃት እንደሆነ ተሟጧል። ምንይሉ ወደሱ አየት አድርጎ ቁልፉን ሰጣት።

ሦስቱም ሆነው ወጡ። መሕሙድ ከኋላ ተቀመጠ፤ ለሙከራ በወጣ መኪና ከኋላ ሲቀመጥ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው፣ አኩርፏልም። ሐረጎን ሲጀምሩ መኪናዋ ደህና ሳበች። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ራሂማ እግሯን አንስታ ማርሽ ቀየረች፤ ግፊቱን የሚያሳየው መርፌ ወደቀ፣ ነዳጅ ብትረግጥም አልነሳ አለ። እሷ አልተናደደችም። ዳር ይዛ ቆመች፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀች፣ ደግማ ተነሳች። መኪናዋ እንደገና ሳበች። ቀጣዩ ጠመዝማዛ ላይ እንደገና ደከመች።

«አየሩ ይገባል እንጂ አይወጣም» አለች ራሂማ። «ያቺ በር አንዴ ከተከፈተች፣ የገፋት አየር መውጫ ያጣና ተከፍታ ትቀራለች። ስንቆም ነው ቀስ ብሎ ሾልኮ የሚለቃት።»

«ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» አለ መሕሙድ።

«ከፋብሪካ ነዋ፣ አባዬ። እዚያ ብዙው ማሽን በአየር ነው የሚሠራው። ቫልቮቹ ጎናቸው ላይ አየር የምትተፋ ቀዳዳ አለቻቸው። አዲስ የገባ ሠራተኛ ድምፅዋ ሲሰለቸው ጨርቅ ይወትፍባታል፤ ከዚያ የማሽኑ ክንድ እንደተሰቀለ ይቀራል።»

መሕሙድ ሳያስበው አውራ ጣቱን አየ።

ራሂማ መኪናዋን አቁማ ኮፈኑን ከፈተች፣ ቫልቯን ፈታች። ወደ ብርሃን አነሳቻት፣ አገላበጠቻት፣ ጥፍሯ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ማስቲሹ በአውራ ጣት ተለስልሷል፣ የጣቱ አሻራ ሳይቀር አለበት። ይቺን አለሳለስ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ወደ አባቷ አየች፤ አባቷም አያት። ዓይኗን ቶሎ መለሰች።

«ቆሻሻ ነው የዘጋት» አለች ለምንይሉ። «አቧራና ዘይት። የሚያጋጥም ነው።»

ምንይሉ ራሱን ነቀነቀ፤ አመናት። የመሕሙድ ስም እዚያች አስፋልት ዳር ዳነ፤ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ዝም ለማለትም ሞክሯል፣ ምን ይደበቃል። ራሂማ ማስቲሹን በስስ ሽቦ ስትቆፍር፣ እሱ ያጠበቃትን ብሎን ሳይቀር ግማሽ ዙር ስትመልስ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትቸኩል፣ ቆሞ አያት። እጇ የሱ እጅ ነው። ጭንቅላቷ ግን የራሷ ነው። ቆሻሻ ከሆነማ ማንም ይጠርገዋል፤ ይቺን ነገር ግን እሱ ራሱ ሦስት ጊዜ ፈልጎ አጥቷታል። ልጁ ያባቷን ስም ለማዳን ብላ የራሷን እየቀበረች ነው። ይህ ሲገባው አንድ እርምጃ ወደነሱ ቀረበ።

«ቆሻሻ አይደለም» አለ።

«አባዬ…»

«ቆይ አንቺ። ምንይሉ፣ ስማኝ። ያቺን ቀዳዳ በማስቲሽ የደፈንኳት እኔ ነኝ። መኪናህን ጤነኛ ተቀብዬ ያሳመምኳት እኔ፣ ያዳነቻት ልጄ ናት። እሷ የምታውቀውን እኔ በአርባ ዓመት ሥራዬ አላወቅሁትም። ለሰው ስታወራ ሁለቱንም አውራ።»

ምንይሉ «ኧረ ጋሽ መሕሙድ፣ እርስዎ…» ማለት ሲጀምር፣ ራሂማ ቫልቯን መልሳ ገጥማ ኮፈኑን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላማ መኪናዋን ላየ ሰው ሌላ ናት። ጠመዝማዛው ሲመጣ ራሂማ እግሯን ታነሳለች፣ ማርሽ ትቀይራለች፣ ከኮፈኑ ሥር ያቺ ቀዳዳ በቀጭኑ ታፏጫለች፣ መርፌው ቀና ይላል፣ መኪናዋ ትስባለች። የጫኑትን አይሱዙዎች አንድ በአንድ አለፏቸው። መሕሙድ ከኋላ ሆኖ ፉጨቷን ያዳምጣል፤ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለችን ድምፅ ሲያሳድድ ነው የኖረው። ዛሬ ግን ጣፈጠችው። «ማሻአላህ» አለ ለራሱ። ኩራቱ ፊቱ ላይ ሞልቶ ሊደብቀው ቢሞክርም አልተደበቀለትም።

ደሴ ሊገቡ ሲሉ ምንይሉ ስልኩን አወጣ። የደወለው ለወንድሙ ለአግማስ ነው፤ እሱም ቱርቦ ያላት መኪና አለችው፣ እሷም ዳገት ላይ አስቸግራው አዲስ አበባ ሊወስዳት አስቧል።

«አዲስ አበባ ምን ልታደርግ ነው የምትወስዳት?» አለው። «እዚሁ ኮምቦልቻ አምጣት። የመሕሙድ ጋራዥ ብለህ ጠይቅ።»

መሕሙድ ከኋላ እጁን ሰዶ ትከሻውን ነካ አደረገው።

«የራሂማ ጋራዥ በለው» አለ።

ምንይሉ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዞር ብሎ አየው። መሕሙድ እየቀለደ አልነበረም። ራሂማ መንገዱን እያየች ነው፤ ማርሽ መቀየሩን ግን ረሳችው።

«ቀይሪ እንጂ፣ ልጄ» አለ መሕሙድ። «ሞተሩ እየጮኸ ነው።»