የፊታውራሪ መኪና ምን ነካት

እንደሻው ሹፌር ከመሆኑ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የፊታውራሪ ተክለጻድቅ በቅሎ ጠባቂ ነበር። ስለዚህ በሁዳዴ በአራተኛው ሳምንት መኪናዪቱ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ስትጀምር መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወርዶ እግሯን ማየት ነው። አራቱንም ጎማዎች እየዞረ ዳበሰ። ጠጠር አልሰነቀረችም፣ አላበጠችም። ከዚያ ፊት ለፊቷ ቆሞ ዐይን ዐይኗን አያት። እሷም በሁለት ፋኖሶቿ አፍጥጣ አየችው። የበቅሎ ነገር ቢሆን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገባው ነበር።

መኪናዪቱ አሮጊት ናት። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ነጋዴ ድሬዳዋ ላይ ለፊታውራሪ ሲሸጣት «ገና ልጅ ናት» ብሎ ምሎ ነበር፤ በምን ቋንቋ እንደማለ የሰማ የለም። ቢሆንም ሐረር ውስጥ መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነውና ማንም ዕድሜዋን አልጠየቀም።

ፊታውራሪ ግን ድምፁን ሰሙ።

«ስማ እንደሻው» አሉት። «ዓርብ የእመቤትህን አባት፣ ደጃዝማችን፣ ከባቡር ልቀበላቸው ድሬዳዋ እወርዳለሁ። እንዲህ እየተንቀጫቀጭኩ የምሄደው ምን ሆኜ ነው? እስከ ኀሙስ ማታ ዝም ካላሰኘሃት፣ እዚያው ድሬዳዋ አንድ ግሪክ ሹፌር አለ አሉ፤ መሪውን እሱ ይይዛል። አንተ በቅሎዎችህ ናፍቀውሃል።»

እንደሻው በቅሎዎቹን አልጠላም። ችግሩ ጽጌ ናት። ጽጌን አጭቷል፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ለዳግማዊ ትንሣኤ ተቆርጧል፤ አባቷ ባላምባራስ ሳህሉ ደግሞ ሽማግሌ የተላከባቸው ዕለት ቃላቸውን አስቀምጠዋል፦ «ሹፌር ነው ካላችሁ ሰጥቻለሁ። ለበቅሎ ጠባቂማ በቅሎ ዳሩለት።»

ሰኞና ማክሰኞ የሚፈታውን ሁሉ ፈታ፤ ያጠበቀውን መልሶ አላላ። ድምፁ ሲፈልግ ይፈጥናል፣ ሲፈልግ ይዘገያል። ረቡዕ ጧት ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር ሲያቆማት ገበያተኛ ከበበው። አንዱ «ቡዳ ነው» አለ። ሌላው «ሆዷ ውስጥ የገባ አይጥ ነው» አለ። ጫት የምትሸጥ አንዲት ሴት እጇን በሞተሩ ክዳን ላይ አድርጋ ቆየችና «ልትወልድ ነው፤ ሰው አርቁላት» ብላ ፈረደች። የሚገርመው፣ ሁሉም ተራ በተራ ከተናገሩ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር።

«ለመሆኑ የሚጠበሰው ምንድን ነው?»

ሽታው ለእንደሻውም ከሸተተው ሰንብቷል፤ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም አፍንጫውን አላመነውም። የራበው ሰው ምን የማይሸተው አለ?

ጀጎል ውስጥ ጠመንጃና የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግን ዐብዱልቃዲር የሚባል ሰው ነበር። የጀጎል መንገድ መኪና ስለማያሳልፍ ሐኪሙ ራሱ ወደ በሽተኛዋ ወጣ። የያዘው ዕቃ አንድ ደረቅ በትር ብቻ ነው።

«አስነሳት።»

አስነሳት። ዐብዱልቃዲር የበትሩን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክሎ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ ደገነ።

«ዝም በል» አለ።

«ምንም አልተናገርኩም።»

«ልትናገር ነበር።» በትሩን ከታች ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ላይ አዘዋወረና ራሱን ነቀነቀ። «ከላይ ነው። ቫልቮላ የሚባሉ አሉ፤ እንደ በር ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። የእሷ በሮች ለመዘጋት እየዘገዩ ነው። ቀጭ የሚሉት ለዚያ ነው።»

«ለምን ይዘገያሉ?»

«ወላሂ እኔም እሱን ነው የምጠይቃት።»

ከሥር ተጋድሞ የዘይቱን ቡሎን ፈታ። መውረድ ሲገባው የሚንጠባጠብ፣ ጠቁሮ እንደ ሙጫ የሚሳብ ነገር ወጣ። አሸተተው። ከዚያ፣ እንደሻው «ኧረ ተው!» ሳይለው፣ በጣቱ ነክቶ ቀመሰው።

«አስተግፊሩላህ! ምንድን ነው የምታበላት?»

«ዘይት ነዋ!»

«የምን ዘይት?»

«እኔ እንጃ፤ ግምጃ ቤቷ በቆርቆሮ ቀድታ ትሰጠኛለች።»

«ይሄ ኑግ ነው ጃል! ሽንኩርት ብቻ ነው የቀራት!»

እንደሻው እየሮጠ ፊታውራሪ ቤት ደረሰ፤ ግምጃ ቤቷን ሲያፋጥጣት ጣቷን ወደ እልፍኝ ቀሰረች። እልፍኝ ያሉት እመቤቲቱ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ናቸው። ምንም አልደበቁም።

«እኔ ነኝ ያስቀየርኩት። የፈረንጁ ዘይት ከምን እንደተነጠረ ማን ያውቃል? የአሳማ ሞራ ቢሆንስ? በሁዳዴ፣ ቅዳሴ እየሄድኩ፣ ከእግሬ ሥር ሞራ ይንጨርጨር? ኑግ ምን አላት? እኔም እሱን ነው የምበላው።»

እንደሻው እጅ ነስቶ ወጣ። ለፊታውራሪ ቢናገር የደጃዝማችን ልጅ መክሰስ ነው። ባይናገር መሪው የግሪኩ ነው። ኤረር በር ተመልሶ ነገሩን ለዐብዱልቃዲር ሲነግረው ሰውዬው በትሩን ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ።

«የእኛ ጾም እንኳ ማታ ማታ ይፈታል! እሷን ሃምሳ አምስት ቀን?» ዐይኑን ጠረገ። «ቆይ፤ በእኛ የታመመ አይጾምም። በእናንተስ?»

እንደሻው ያቺን ቃል እንደ ብርሌ ይዟት ተመለሰ። ወይዘሮ ወለተሥላሴ በነገሩ ሳይወስኑ የነፍስ አባታቸውን አባ ኪዳነወልድን አስጠሩ። አባም ተቀምጠው ነገሩን በሥርዓቱ መረመሩ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«አሥራ አራት ይሆናታል አባ።»

«እንግዲያ ሰባት ዓመት አልፏታል፤ ጾም ይገባታል። መታመሟን ማን አየ?»

«ዐብዱልቃዲር የሚባል እስላም ነው።»

«ሕመም ሃይማኖት የለውም» አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ። «ትፍታ። ግን ጾም ተፈትቶ ዝም አይባልም። ስትድን አርባ አንድ ትስገድ።»

እንደሻው አባን አየ፤ እመቤቲቱን አየ። የሚስቅ ሰው ፈለገ፤ የለም።

«በምኗ ትሰግዳለች አባቴ?»

«እሷማ ጉልበት የላት። መሪዋን የያዘ ይስገድላት።»

ኀሙስን ዐብዱልቃዲርና እንደሻው ሙጫውን በላምባ ሲያጥቡ ዋሉ፤ የፈረንጁንም ዘይት ሞሉ። ማታ ፊታውራሪ መጥተው ጆሯቸውን ሰጡ።

«አስነሳታ።»

«ተነሥታለች ጌታዬ።»

«አትሰማም እኮ!»

«ዝም አሰኛት ብለውኝ ነው።»

ፊታውራሪ ክዳኗን በመዳፋቸው ነካ አድርገው ስትንቀጠቀጥ ተሰማቸውና፣ የተደሰቱ ሳይመስሉ «ነገ በጧት» ብለው ገቡ።

ዓርብ ጧት ወደ ድሬዳዋ ከመውረዳቸው በፊት መድኃኔ ዓለም በር ላይ ቆሙ። ፊታውራሪ የጾሙን ነገር የነገራቸው የለም፤ ሹፌራቸው አንድ ከባድ ኃጢአት ሠርቶ የተገሠጸ መስሏቸው፣ ምን ይሆን እያሉ ከወንበራቸው በመስኮት ያዩታል። እንደሻው ነጠላውን አደግድጎ ይወድቃል፣ ይነሣል። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ቀና ሲል አጠገቡ የቆሙ እግሮች አየ። ባላምባራስ ሳህሉ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን እየወጡ ነው።

«ምን አድርገህ ነው አንተ?» አሉ። ልጅ የሚድር ሰው አጠያየቅ ነው።

«እኔ አይደለሁም ባላምባራስ። እሷ ናት።» በአገጩ መኪናዪቱን አሳየ።

«እሷ ምን አደረገች?»

«ጾም ፈታች።»

ባላምባራስ መኪናዪቱን ከፋኖሷ እስከ ኋላዋ አዩ። ፊታውራሪን እጅ ነሱ። ሰማዩንም ትንሽ አዩ።

«ማነው ያዘዘህ?»

«አባ ኪዳነወልድ።»

«አባ ካሉማ…» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መሪው ግን ያው በአንተ እጅ ነው?»

«በእኔ እጅ ነው።»

«እንግዲያ ስገድላት» አሉት። «ሠርጉ በቀኑ ነው። ስንት ቀረህ?»

እንደሻው አፉን ከፈተ። ቁጥሩ የለም። ሠላሳ ነበር? ከሠላሳ በፊት ነበር? ፊታውራሪ ባቡሩ እንዳይቀድማቸው ከውስጥ ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፉ።

ነጠላውን አጥብቆ፣ ከአንድ ጀመረ።