የስብ ሕዋሶቹ የዋዜማ ተረኛ

ለላቦራቶሪው ባልደረቦች በሙሉ፦ በቻይናውያን አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ የምግብ ማቀዝቀዣው ይጸዳል። ባለቤቱ ያላነሳው ምግብ ይጣላል።

ማስታወቂያውን የለጠፈችው ሲዮክ ሁይ ናት። ለንጽሕና ተቆርቁራ አይደለም፤ ምግባቸውን ይዘው በጊዜ እንዲሄዱላት ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ የዋዜማውን እራት አብሯት የሚበላ ሰው የለም። ይህ ደግሞ እዚህ ሲንጋፖር ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም። ለሰው የሚነገረው «ሕዋሶቼ በዓል አያውቁም» የሚለው ነው።

ሕዋሶቹ ከሰው ስብ የተወሰዱ ናቸው። ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፉ ይለጠጣሉ፣ ይሳሳሉ፣ ስብ መሆናቸውን ይረሳሉ። እንደ ገላ በለሰለሰ ጄል ላይ ጎን ለጎን ሲተኙ ግን ድቡልቡል ይሆናሉ፤ ሆዳቸው በቅባት ጠብታ ይሞላል። ዘሩ ያው ነው፤ የተለየው አልጋው ነው።

በዋዜማው፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ባልደረባዋ ቦን ኬንግ ሻንጣ እየጎተተ ገባ።

«ማሌዥያ፣ ኢፖ ከተማ፣ እናትህ ጋ አልሄድክም እንዴ?» አለችው ሲዮክ ሁይ።

«አውቶቡሱ ማታ ነው፣ እህት ዓለም። ሕዋሶቼን ልያቸው ብዬ ነው።»

ሻንጣው ባዶ ስለነበር ጎማው ወለሉ ላይ ይዘል ነበር።

ቀጥለው አለቃቸው ፕሮፌሰር ኦንግ መጡ። ልጆቼ ከሜልበርን ይመጣሉ እያሉ ሲያወሩ ነው የከረሙት።

«ልጆቹ ደረሱ፣ ፕሮፍ?»

«አውሮፕላኑ ዘገየ» አሉና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። «ይቺ ጥግ ላይ ያለችው ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው?»

«ጄሉ እዚያ ጋ ተልጦ ፕላስቲኩ ላይ ቀርታ ነው። ጎረቤትም የላት» አለች ሲዮክ ሁይ።

«ምግቡ እኮ ለሁሉም አንድ ነው» አለ ቦን ኬንግ።

«ምግብ ብቻውን መቼ በቃ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ቀና ሳይሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። አንዳቸውም ወደ ማቀዝቀዣው አልተጠጉም፤ አንዳቸውም አልሄዱም።

«በበዓል ማን ማቀዝቀዣ ያጸዳል፣ ተይው» አለ ቦን ኬንግ።

«እውነቱን ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ ፈጠን ብለው።

«እኔም ልተወው ብዬ ነበር» አለች ሲዮክ ሁይ።

በዚህ መሃል የሕንጻው ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ሮስና ትልቅ ጥቁር ላስቲክ ይዘው ገቡ። ማስታወቂያውን አንብበዋል። ማቀዝቀዣውን ከፍተው ዕቃዎቹ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«ሲዮክ ሁይ። የዳክዬ ሩዝ፣ የአንድ ሰው። ቦን ኬንግ። ይኼም የአንድ ሰው።»

ከኋላ የተሸጎጠውን ሦስተኛውን አወጡ። ቤተሰብ ማዕዱን ከብቦ፣ በመመገቢያ እንጨት፣ በቾፕስቲክ፣ ወደ ላይ እየበተነ የሚበላው የዋዜማ የዓሣ ሰላጣ ነው። ይኼኛው ግን ትንሽ ነው፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል።

«ኦንግ» ብለው አነበቡ። «ይጣል?»

ላስቲካቸውን ከፍተው ጠበቁ።