የልብስ ሰፊው ሬዲዮ

ሽቦ የሚለውን ቅጽል ያወጡለት የሚስቱ እህቶች ናቸው። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ስልክ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ቀጭንና ጎበጥ ያለ ሰው ነበርና ስሙ ልክክ አለበት። አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ግን በዚያም ጠርተውት አያውቁም። ሁለት የልጅ ልጅ ካሳያቸው በኋላ እንኳ «ያ የስልኩ ሰውዬ» ነበር የሚሉት።

የአማቱ ሬዲዮ ዝም ካለ ሰባት ዓመቱ ነው። ውስጡ እንደ ትንንሽ አምፖል ቀስ ብለው የሚግሉ የብርጭቆ ቫልቮች የተደረደሩበት፣ ፊቱ ቢጫ ጨርቅ የለበሰ ከባድ የእንጨት ሣጥን ነው። ልብስ ሰፊ የነበሩት ባለቤታቸው ታመው ሆስፒታል የገቡ ዕለት ጸጥ አለ። እሳቸውም አልተመለሱ፣ እሱም አልተናገረ። «ሬዲዮዬ እንኳ ሐዘን ተቀምጧል» ይሉ ነበር አማቱ ለጠያቂ ሁሉ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሽቦ አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እሱማ ምን ያቅታል፣ እኔ እሠራዋለሁ» አለ። ገበታው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ከዚህ ክፍል ግን አይወጣም» አሉ አማቱ።

ቢፈለግም አይወጣም ነበር፤ ልብስ ሰፊው በሕይወት ሳሉ ከሥሩ ካለው አጭር ቁም ሣጥን ጋር በቡሎን አስረውታል። ስለዚህ ሽቦ በየጠዋቱ የመፍቻ ሣጥኑን አንጠልጥሎ እየመጣ፣ ከቁም ሣጥኑ ኋላ በደረቱ ተኝቶ ይሠራ ጀመር። አማቱ ከበላዩ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ይቆጣጠሩታል። ከቁም ሣጥኑ ግራ ያለችው የልብስ ሰፊው ወንበር ግን ባዶዋን ናት፤ ማንም አይቀመጥባትም።

የሬዲዮው የሽቦ ካርታ ከኋላ ክዳኑ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ አይጥ በልታዋለች። ሽቦ የአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ወረቀት ገልብጦ ራሱ መሳል ያዘ። እያንዳንዷን ሽቦ ከተነሣችበት እስከ ደረሰችበት በጣቱ ይከተላል፤ ኤሌክትሪክ የሚመጣበትን በቀይ፣ ድምፅ የሚሄድበትን በሰማያዊ ያሰምራል። ጎማቸው እንደ ብስኩት የሚፈረፈሩትን ሽቦዎች ቀየረ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን፣ አሁን ግን የደረቁትን ኮንዴንሰሮች ነቅሎ አዲስ በየደ። የሞተውን አንድ ቫልቭ ከሌላ አሮጌ ሬዲዮ አምጥቶ ተካ። በሦስተኛው ሳምንት ሲሰካው ቫልቮቹ አንድ በአንድ ብርቱካንማ ሆነው ጋሉ።

«በራ እኮ፣ እማዬ!»

«ምድጃም ይበራል። ይናገራል ወይ?»

አይናገርም።

«ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርገው ነበር፣ ወዲያው ይለቃል። እጁ መድኃኒት ነበር» አሉ አማቱ።

«እማዬ፣ ይሄ በኳኳታ አይሆንም፤ በሳይንስ ነው።»

«ታዲያ ሳይንስህ ሦስት ሳምንት ምን ይሠራል?»

ሽቦ ተመልሶ በደረቱ ተኛ። ድምፁ በሰማያዊው መስመር እስከ ድምፅ ማጉያው ድረስ በሰላም ይመጣና እዚያ ይጠፋል። ማጉያውን ነጥሎ ሲለካው ጤነኛ ነው፤ መልሶ ሲያገናኘው ድዳ። ሦስት ቀን እንዲህ ሲያገናኝና ሲነጥል ከረመ። ሚስቱ እንደነገረችው በእንቅልፉም «አንተ ሌባ!» ይል ጀመር።

በአራተኛው ቀን ባትሪውን አብርቶ ቢጫውን ጨርቅ ከውስጥ በኩል ሲያይ ጠርዙ በእጅ ተሰፍቷል። ስፌቱ ጥቃቅን፣ እኩል፣ ልክ እንደ ሱሪ ጫፍ ነው። ሬዲዮ ጠርዝ የሚሰፋለት ማነው? በምላጭ ክሩን ፈታው። በጠርዙ ውስጥ ከማጉያው መሰኪያ የተነሡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ተኝተዋል። ተከተላቸው። በሣጥኑ ወለል ቀዳዳ ወርደው፣ በቁም ሣጥኑ ጎን አልፈው፣ ከሰፊው ወንበር የግራ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ ከቁም ሣጥኑ ጠርዝ ሥር ከተደበቀች የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ማብሪያ ማጥፊያ ላይ አበቁ።

ሽቦ ቀጭ አደረጋት።

«...የድንች በሽታ ቅጠሉን ሲያጠቃ!» ብሎ አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ ጮኸ። አማቱ ብድግ ሲሉ ነጭ ሽንኩርቱ ወለሉን ሞላው።

ሽቦ ወለሉ ላይ እንደተኛ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። ሁለቱ ሽቦዎች ሲገናኙ ድምፁ አቋራጩን ይዞ ይሄዳል እንጂ ማጉያው ውስጥ አይገባም። ኳ ኳው ለማስመሰል ነበር፤ ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ከወንበራቸው ሳይነሡ ሲዘጉና ሲከፍቱ ኖረዋል። ሆስፒታል የሄዱ ዕለትም ዘግተውት ነው የወጡት።

«ምን አደረግከው?» አሉ አማቱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

ያን እንባ እያየ እውነቱን መናገር አልሆነለትም። «ኳ ኳ... አደረግኩት። ሁለቴ» አለ።

ግንባሩን ሳሙት። «ልጄ» አሉት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። በሰፊው ወንበርም አስቀመጡት። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት፣ «እማዬ ልጄ አለችህ? ምን አስነካሃት?» አለችው።

ክብሩ የቆየው አራት ቀን ነው። አማቱ ለጎረቤት ሁሉ ተናገሩ። መጀመሪያ አንዲት ሴት የሞተ ሬዲዮ አመጣች፤ ሽቦ ላብ እያጠመቀው መታው፤ ምንም። «ዛሬ ደክሞት ነው» አሉላት አማቱ። ቀጥሎ ቴሌቪዥን መጣ። በአራተኛው ቀን ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጸጉር አስተካካይ የተቃጠለች ማሽናቸውን በፎጣ ጠቅልለው ገቡ።

«ወንድሜ፣ ብዙ አላስቸግርህም፤ ሁለቴ ብቻ ምታልኝ።»

ሽቦ ከዚያ በላይ አልቻለም። ተንበርክኮ ከቁም ሣጥኑ ጠርዝ ሥር ያለችውን ማብሪያ ለአማቱም ለሽማግሌውም አሳየ። ቀጭ፣ ዝም። ቀጭ፣ ተናገረ።

አማቱ ማብሪያዋን በራሳቸው ጣት ሞከሯት። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ወንድሜ ሊያመሽ በመጣ ቁጥር ይጠፋ ነበር። እኔ አብሬው መዝፈን ስጀምርም ይጠፋ ነበር። እንዴ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «የድራማው መጨረሻ!»

ከሠላሳ ዓመት በፊት በሬዲዮ ይተላለፍ የነበረው ድራማ ባለታሪኮች ዳቦ ቤት የምትሠራ ልጅና የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ድራማው ከመቶ ክፍል በላይ ተላልፎ፣ በመጨረሻው ምሽት ሹፌሩ «ታገቢኛለሽ ወይ?» ሲል፣ ልጅቷም ትንፋሿን ስትስብ፣ ጸጥ! ሰፊው ያን ቀን ኳ ኳ ቢያደርጉ ቢያደርጉ ሬዲዮው እምቢ አለ፤ የለቀቀው ዜና ሲጀምር ነው።

«አገባችው ወይስ አላገባችውም?» አሉ አማቱ፣ የዘጋው እሱ ይመስል ሽቦ ላይ ዞረው። «ውጣና ጠይቅልኝ!»

«እትዬ፣ ማንን ይጠይቃል?» አሉ ጸጉር አስተካካዩ። «ያኔ በዚህ መንገድ ሬዲዮ የነበረው እርስዎ ቤት ብቻ ነው። ሁላችንም የሰማነው በእርስዎ መስኮት ነው። እኔ ራሴ ግማሽ ፊቱን የላጨሁትን ደንበኛ ጥዬ ውጭ ቆሜ ነበር።» ፊታቸው ቀላ። «አላገባችውም እያልኩ ከሚስቴ ጋር ስጣላ ሠላሳ ዓመቴ!»

መንደሩ ሁሉ አብሮ መዘረፉን ሲሰሙ አማቱ ትንሽ ቀለል አላቸው። በዚያን ዘመን በመስኮቱ ሥር ቆመው የነበሩት ሁሉ እሑድ እንዲመጡ አስጠሩ።

እሑድ እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ሽቦ መቁረጫውን ይዞ ተንበረከከ። «ላንሣት፣ እማዬ?»

አማቱ ወደ ባለቤታቸው ወንበር ዞሩ። «ሬዲዮው ዝም ሲል ነበር እኮ ባለቤቴ የሚያወራኝ» አሉ። «በሰው ንግግር ላይ ተደርቦ ማውራት አይሆንለትም።»

«የድራማው መጨረሻ ማታስ ምን አወሩዎት?»

«የጫማ ቁጥሬን ጠየቀኝ። ሊገዛልኝ አስቦ።»

«ገዙልዎት?»

«ገዛ። ጠበበኝ።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ቁረጣት።»

ቆረጣት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሳሎኑ በሽማግሌ ሞላ። ጸጉር አስተካካዩ ልጅቷ እምቢ ብላለች ሲሉ፣ ሚስታቸው ተጋብተው ወልደዋል ብላ የልጆቹን ስም ሳይቀር ነገረቻቸው። አንዱ ሹፌሩ ሌላ ሚስት ነበረው ብሎ ማለ። አማቱ ከሁሉም በላይ እየጮኹ ስለ ሠርጉ ቀሚስ መከራከር ያዙ። ሬዲዮውም፣ አሁን የሚያስቆመው ስለጠፋ፣ ዜናውን በሙሉ ድምፁ ያነባል።

«ልጄ!» አሉ አማቱ በሰው ራስ ላይ አሻግረው። «ዝቅ አድርገው እንጂ፣ አንሰማማም!»

ሽቦ ከሰፊው ወንበር ተነሥቶ ዝቅ አደረገው።