ለጋኔን ያልተሰጠ ቃል

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ቃለ እግዚአብሔርን ፈጽሞ የሚክድ ሰው በሩቁ ይታወቃልና ለእርሱ መልስ መስጠት አይቸግርም፤ ቃሉን ከወገቡ ቈርጦ ግማሹን ብቻ የሚሰብክ ግን ከከሃዲም ይልቅ አድካሚ ነው፤ ሐሰተኛ ነህ ቢሉት ገጹን ገልጦ ያሳያል፣ እውነተኛ ነህ እንዳይሉት የተወው ግማሽ ከወረቀቱ ላይ ቆሞ ይከሰዋል። በዘመናችንም ቅዱስ መጽሐፍ ሥጋው ተለቅሞ ጎመኑ እንደሚተው የድግስ ሳሕን ሆኗል፤ በረከቱ ይነሣል፣ መስቀሉ ይቀራል። ይህን ነገር የምጽፈው ተናድጄ መሆኑን አልሸሽግም፤ የሆነውን ሲሰማ የማይናደድ ክርስቲያን ካለ ትዕግሥቱን ወይም ልቡን ይመርምር።

ከዓባይ ማዶ ባለች፣ ስሟን መጥራት ጠብ መፈለግ ስለሚሆንብኝ በተውኳት ከተማ፣ ከአንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጠው ያደጉ ሦስት አረጋውያን ወዳጆች ነበሩ። አንደኛው በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን የወሰደባቸው፣ በምትኩ ግን የሐዲሳትን ንባብና ትርጓሜ ከዳር እስከ ዳር በኅሊናቸው የጻፉት፣ በከተማዋ ደብር ቅጽር ውስጥ ባለው ጉባኤ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩት የኔታ ጥዑመ ልሳን ነበሩ። ሁለተኛው ያንኑ ደብር የሚያስተዳድሩት፣ ልበ ቅንና ሆደ ባሻ፣ ሰው ሁሉ እንዲወዳቸው የሚሹት አለቃ ዘርዓ ቡሩክ ነበሩ። ሦስተኛው ከዲቁና በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ተሻግረው ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ጡረታ የወጡት፣ ምላሳቸው ሚጥሚጣ የሆነው አቶ እንግዳወርቅ ነበሩ። እነዚህ ሦስቱ በወጣትነታቸው ከመሠረቱት የአሥራ ሁለት ሰዎች የጽዋ ማኅበር ሞትና ስደት ያስቀሩዋቸው ብቻ ነበሩ፤ ሆኖም በየወሩ ጽዋውን እየተቀባበሉ መጠጣትን አላቋረጡም።

አለቃ ዘርዓ ቡሩክ ወጣቱ ከዐውደ ምሕረቱ እየሸሸ፣ ቅዳሴውም ለሽማግሌና ለአሮጊት እየቀረ መሄዱ እንቅልፍ ነሣቸው። ስለዚህ ዝናው በየከተማው የናኘውን አንድ ሰባኪ ለሦስት ቀን ጉባኤ ጋበዙ፤ ስሙን በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ እስኪጠግብ ስለ ደገመው እኔ አልደግመውም። ሕዝቡም እንደ ጐርፍ መጣ፤ በሁለተኛው ቀን አጥሩ እስኪዘነብል ድረስ ቅጽሩ ሞላ፤ አለቃም በደስታ አለቀሱ። በዚያን ዕለት ሰባኪው ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ «‹ሁሉን እችላለሁ› ይላል መጽሐፍ! ቤቱን ትችላለህ! መኪናውን ትችላለህ! ቪዛውን ትችላለህ!» እያለ ሲያስተጋባ፣ ሕዝቡም በየቃሉ አሜን ሲል፣ የኔታ ጥዑመ ልሳን ከካህናቱ ተርታ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ በጉባኤ ቤት ሥርዓት ተማሪ አንዲት ሐረግ ቢዘል መምህሩ በበትራቸው መሬቱን መትተው «ተመለስ!» ይሉታል፤ ተማሪውም ያለ አንዳች ቂም ከላይ ይጀምራል። ይህ ልማድ በየኔታ አጥንት ውስጥ ገብቶ ነበርና፣ ያሉበትን ቦታ ፈጽመው ዘንግተው፣ በበትራቸው ምድሩን መትተው «ተመለስ! ‹መራብንም መጥገብንም፣ መጉደልንም መብዛትንም ተምሬአለሁ› ካለው ጀምር!» ብለው ጮኹ።

 ሰባኪው ግን አልደነገጠም፤ ፈገግ ብሎ «መንፈሱ ጮኸ! ቃሉ አቃጠለው!» ባለ ጊዜ አስተናጋጆቹ የኔታን በሁለት ክንዳቸው ይዘው ወደ መድረኩ አወጧቸው፤ በራሳቸው ላይ ጠበል አፈሰሱ፣ በግንባራቸው ላይ መስቀል ጫኑ። «ስምህ ማን ነው?» አላቸው ሰባኪው፤ እርሳቸውም ተጠይቆ ዝም ማለትን ነውር አድርገው ያደጉ ሰው ነበሩና «ጥዑመ ልሳን» ብለው መለሱ። «መቼ ገባህ?» አላቸው። «ወደዚህ ደብር ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ» ቢሉ እልልታው ሰማዩን ቀደደው። ውኃው በጢማቸው ሲወርድ፣ ያስተማሯቸው ልጆች ከሕዝቡ መካከል ሲያለቅሱ፣ አለቃ ዘርዓ ቡሩክ ሦስት እርምጃ ርቀው ቆመው ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ትዕይንቱ በየስልኩ ተሰራጨ፤ የማያውቃቸው ሁሉ ሳቀባቸው። የደብሩ ሰበካ ጉባኤም ተሰብስቦ ወሰነ፤ የኔታ በሚመጣው እሑድ በዐውደ ምሕረት ቆመው «በአንደበቴ የጮኸው ርኩስ መንፈስ ነበር፣ አሁን ግን ድኛለሁ» ብለው ይመስክሩ፤ ይህን እምቢ ቢሉ ጉባኤ ቤቱን ከሃያ ሦስት ተማሪዎቻቸው ጋር ለቅቀው ይውጡ። ደብዳቤውም «ከወንድሞቻቸው ጋር በሰላም መኖር ስላልቻሉ» በሚል ምክንያት ተረቅቆ የአለቃን ማኅተም ይጠብቅ ጀመር።

የማኅበሩ ቀን በዚያው ሳምንት ዋለ፤ ተረኛውም አለቃ ዘርዓ ቡሩክ ነበሩ። ሦስቱ ከቅዳሴ በኋላ በአለቃ ቤት ተቀመጡ፤ ዳቦው ተቈርሶ ጽዋው ግን ገና ሳይነሣ፣ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የኔታ፣ እርስዎ ነገሩን በትዕግሥት ቢመለከቱት» ብለው ጀመሩ።

«እርስዎ?» አሉ አቶ እንግዳወርቅ ዳቦውን ወደ ሳሕኑ መልሰው። «በአንድ ደበሎ አብረን አድገን፣ ዛሬ ነው እርስዎ የምንባባለው? ሰውዬ፣ ልትገፋው ያሰብከውን ሰው ነው የምታከብረው?»

«ለአንተ በጡረታህ ተቀምጠህ መናገር ቀላል ነው!» አሉ አለቃ ፊታቸው ቀልቶ። «ባዶ ቅጽር ቆመህ ቀድሰህ ታውቃለህ? ልጆቻችን በየአዳራሹ ሲበተኑ ዓይቼ አልቻልኩም። ይህ ሰባኪ ጉድለት አለበት፣ አውቃለሁ፤ ግን ሕዝቡን መለሰልን። አንድ ቃል ነው የምንለምነው፤ ጉባኤ ቤቱም ይተርፋል፣ ልጆቹም መጠለያ አያጡም።»

«ሕዝቡ ተመለሰ፤ ወደ ምን ተመለሰ?» አሉ አቶ እንግዳወርቅ። «ቪዛ ቃል የተገባለት ሰው ቪዛው የቀረ ዕለት የት እንደሚሄድ አስበሃል? ያን ጊዜ የሚሸሸው ከሰባኪው አይደለም፣ ከእግዚአብሔር ነው።»

 የኔታም በዝግታ እንዲህ አሉ፦ «ዘርዓ ቡሩክ፣ በጉባኤ መካከል መጮኼ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ጥፋቴ እግር ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰይጣን ነበረብህ ብትሉኝም አልቀየምም፤ ኀጢአተኛ ነኝ፣ የሌለብኝ ነገር የለም። ነገር ግን ያን ዕለት ከአፌ የወጣው ቃል የሐዋርያው ነው። ያን የተናገረው ጋኔን ነው ብዬ ከመሰከርኩ፣ ነገ ተማሪዬን ያን መስመር ሳስነብበው የማንን ቃል ነው የማስነብበው? ጉባኤ ቤቱ የሚተርፈው መጽሐፉን ለጋኔን ሰጥቼ ከሆነ፣ ምን ልናስተምርበት ተረፈ?»

 አለቃ እውነቱን ያውቁት ነበር፤ ይህ ነው እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ፤ ያልተማረ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አዝኜላቸው ባለፍኩ። ጽዋውን አነሡ። በማኅበሩ ሕግ ጽዋው ከመዞሩ በፊት ተረኛው «ቂም ያለው አለን?» ብሎ ይጠይቃል፣ ቂም ያለበትም ሳይታረቅ አይጠጣም። አለቃ በልባቸው የኔታ እንዳይጠጡ ይመኙ ነበር፤ እርሳቸው ጽዋውን ከገፉት የደብዳቤው ቃል እውነት ይሆናል፣ ማኅተሙም ያለ ጸጸት ይመታል። «ቂም ያለው አለን?» አሉ በተሰበረ ድምፅ።

«እኔ አለኝ» አሉ አቶ እንግዳወርቅ፤ «ዋሽቼ አልጠጣም።» ነጠላቸውን አጣፍተውም ተነሡ።

የኔታ ግን እጃቸውን ዘርግተው ጽዋውን በዳሰሳ ተቀበሉ፤ «እኔ የለኝም» ብለው እስከ አተላው ጠጡት፤ አፋቸውንም ጠርገው «ነገ ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ፤ ጣሪያው በስተ ምሥራቅ ያፈስሳልና ክረምቱ ሳይገባ አስጠግነው» አሉ። አቶ እንግዳወርቅም እጃቸውን ይዘው ወሰዷቸው።

በማግሥቱ አለቃ ዘርዓ ቡሩክ ደብዳቤውን አስቀርበው፣ «በሰላም መኖር ስላልቻሉ» የሚለውን ሐረግ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ብዕርም አነሡ፣ ነገር ግን አልሰረዙትም፤ ማኅተሙን መቱበት። በጠላቱ እርግማን የተመታ ሰው ጠላቱን እየጠላ መሸሻ ያገኛል፤ እየተበደለ ይቅር ያለ ወዳጅ ግን በበዳዩ ኅሊና ውስጥ ቤት ይሠራል፤ ከዚያም ቤት የሚያስለቅቀው ደብዳቤ እስከ ዛሬ በማንም እጅ አልተጻፈም።