አስማማው የለቀቀው ዓሣ

አስማማው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ሲወጣ ዓሣ ማጥመድ ጀመረ። ያውም በትል ሳይሆን በፍላይ ነው፤ ከላባና ከክር የተሠራች፣ ዝንብ የምትመስል ነገር መንጠቆ ላይ ታስራ፣ ረጅሙ ክር አየር ላይ ከተወዛወዘ በኋላ ወንዙ ላይ ቀስ ብላ የምታርፍበት አጠማመድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ በከተማው ምሥራቅ ካለው ሰፈሩ ከስካርቦሮ ተነሥቶ ከተማውን አቋርጦ በምዕራብ በኩል ወዳለው ኢቶቢኮ ይሄዳል፤ ሐምበር ወንዝ ውስጥ ገብቶ እስከ ቀትር ይቆማል፤ ከዚያ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለባዶ እጁ ግን ምክንያት ነበረው። «ሪሊዝ አደርጋቸዋለሁ» ይላል። እዚህ አገር ጨዋ አጥማጅ የያዘውን ዓሣ ከመንጠቆው አላቆ መልሶ ውኃው ውስጥ እንደሚለቀው ለሚስቱ ለየኔነሽ ነገራት፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጓደኛው ለክፍሌም ነገረው። ክፍሌ የሰማውን ለራሱ የማያስቀር ሰው ስለሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ ምእመኑ ሁሉ አስማማው ለፍጥረት የሚራራ ሰው መሆኑን ዐወቀ። የዓሦቹም መጠን ከሳምንት ሳምንት እያደገ ሄደ።

የኔነሽ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ ቅዳሜን አታውቀውም ነበር። ጥቅምት ላይ ሺፍቷ ተቀየረና አንድ ቅዳሜ ባዶ ሆነላት። አብሬህ ልሂድ ስትለው አስማማው ሰበብ ደረደረ። ብርዱን ነገራት፤ መቀመጫ አለመኖሩን ነገራት፤ መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ መሆኑንም ነገራት። እሷ ግን ሻይ በቴርሞስ ሞልታ፣ ወፍራም ሻርፕ ጠምጥማ፣ ቀድማው መኪናው ውስጥ ተቀመጠች።

ሲደርሱ የወንዙ ዳር ዛፎች ሁሉ ቢጫና ቀይ ሆነዋል። አስማማው እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪውን ለብሶ ውኃው ውስጥ ገባ። የኔነሽ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየው ጀመር። ክሩ ከጭንቅላቱ በላይ ሲዘረጋና ድምፅ ሳያሰማ ውኃው ላይ ሲተኛ ገረማት። መሪ ላይ ጎብጦ የኖረው ባሏ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንዲህ ያምርበታል ብላ አስባ አታውቅም።

ጥቂት ቆይቶ ሸምገል ያለ ፊሊፒናዊ አጥማጅ በአጠገቧ ሲያልፍ ሰላም አላት። የአስማማው ሚስት መሆኗን ሲያውቅ ደስ አለውና በእንግሊዝኛ ባሏን ያደንቅላት ጀመር። ትዕግሥቱ የሚገርም ነው አላት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዓሣ እንኳ ባይዝም አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም፤ ዛሬ አንቺ ስለመጣሽ ዕድሉ ይከፈት ይሆናል አላት።

የኔነሽ አመስግና ሸኘችው። መጀመሪያ ሣቋ መጣ፤ ሻርፑን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀች። መልሳ ባሏን ስታየው ደግሞ አንጀቷን በላት። ሰውየው ይሄን ሁሉ ጊዜ ብርድ ውስጥ ቆሞ ምንም ሳይዝ ደስ ብሎት ነበር ቤቱ የሚገባው። ልታሳፍረው አልፈለገችም። ሻይ ይፈልግ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው።

ሊመልስላት ዞር ሲል የማጥመጃ ዘንጉ ጎበጠ።

መንጠቆው ድንጋይ የያዘ መስሎት ነበር። ድንጋዩ ግን ወንዙን ሽቅብ መሮጥ ጀመረ። ክሩ ከመጠቅለያው እየጮኸ ተተረተረ፤ ከዚያ ጎኑ ብርማ፣ መሃሉ ላይ ሮዝ መስመር ያለው፣ ትራውት የሚሉት ትልቅ ዓሣ ከውኃው ዘሎ መልሶ ወደቀ። አስማማው ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ደርቆ ቀረ።

«የኔነሽ፣ ምን ላድርግ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ይዤ አላውቅም» አለ። «እውነቴን ነው፣ አንድም ቀን ይዤ አላውቅም።»

«ዐውቃለሁ። አሁን ዘንጉን አትልቀቅ።»

ፊሊፒናዊው ከታች በኩል ሆኖ፣ ሲሮጥ ተወው፣ ሲደክመው ጠቅልል እያለ በጩኸት ያስተምረው ጀመር። አስማማው እንደተባለው አደረገ። የተያዘ ዓሣ የሚወጣበት ባለ እጀታ መረቡ ግን ዳር ላይ ቀርቶ ነበር። የኔነሽ ጫማዋን አወለቀች፤ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ መረቡን ይዛ ገባች። ብርዱ ትንፋሽ አሳጣት። መጀመሪያ ስትሞክር ዓሣው በእግሮቿ መሃል አለፈ። ደግማ ከሥሩ አስገብታ ስታነሣው ሚዛኗን ስታ ውኃው ውስጥ ቁጭ አለች፤ መረቡን ግን አልለቀቀችም።

አስማማው ደግፎ አነሣት። ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ መረቡ ውስጥ ያለውን አዩ። ክንዷን ያህላል። የኔነሽ ጠዋት መንገድ ላይ፣ ከተያዘ በሚጥሚጣ እጠብሰዋለሁ ብላ አስባ ነበር። አሁን ግን የባሏን ፊት አየች።

«በል ልቀቀው» አለችው። «እንዴት እንደምትለቅ አሳየኝ።»

አስማማው ጮክ ብሎ ሣቀ። መንጠቆውን አላቆ ዓሣውን በሁለት እጁ ከሥሩ ደግፎ ወደ ወራጁ ውኃ አዞረው። ዓሣው ጥቂት ተነፈሰ፤ ከዚያ ጭራውን መታና ከእጁ ወጥቶ ሄደ። ሁለቱም የሄደበትን እያዩ ትንሽ ቆሙ።

ወደ ቤት ሲመለሱ የመኪናው ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። የኔነሽ ባዶ እግሯን ሙቀቱ ላይ ዘርግታ፣ ክሩ አየር ላይ ሳይጠላለፍ እንዴት እንደሚዘረጋ ጠየቀችው። አስማማው ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ክንዷን ያዘና ወደ ኋላ፣ ትንሽ ጠብቂ፣ ወደ ፊት እያለ ያሳያት ጀመር። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ አላቆሙም።