በሥርጉት እጅ የተለካው ጓንት

የዘሪቱ አንድ ልጅ አቢጌል ነርሲንግ ልማር ብላ በነሐሴ ሚኒሶታ ከሄደች ወዲህ፣ ዘሪቱ በአካል ሎስ አንጀለስ ትሁን እንጂ ልቧ የሚኖረው በረዶው አገር ነበር። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ስልኳን ከፍታ የዚያን አገር ብርድ ታያለች። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከምትሠራበት የቅመማ ቅመም ሱቅ በርበሬ ሊገዛ የገባ ሰው ሁሉ፣ ሳይጠይቅ የሚኒሶታን አየር ሰምቶ ይወጣል። እናት ናት፤ ምን ታድርግ።

ገና ሲቃረብ ለልጇ ስጦታ ልትገዛ ተነሣች። ያማከረችውም ሥርጉትን ነው። ሥርጉት ጓደኛዋ ብቻ አይደለችም። ፒኮ ጎዳና ላይ በአንድ ሕንፃ፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል። ቤተ ክርስቲያናቸውም አንድ ነው። ዘሪቱ ሁለት ሥራ በምትሠራበት ዘመን አቢጌልን ከትምህርት ቤት የምታመጣት፣ ፀጉሯን የምትሠራት እሷ ነበረች።

«ሽቶ ግዢላት፤» አለች ሥርጉት። «የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ካልሲ ልትልኪላት ነው እንዴ?»

«ሽቶ ያሞቃል?»

«እዚያስ ሱቅ የለም? ሰዉ ራቁቱን ነው የሚሄደው?»

«አንቺ ናዝሬት ያደግሽ፣ ብርድን በምን ታውቂዋለሽ! እኔን ጠይቂኝ፤ የደብረ ብርሃኗን። ብርድ የሚገባው በእግር ነው። ከእግሯ ጀምሬ ወደ ራሷ እየወጣሁ ነው የምገዛላት። ይልቅ እዚሁ ግሌንዴል ያ ትልቁ ሞል አለ አይደል? እዚያ ውሰጂኝ።»

«ግሌንዴል? ኖ፣ ኖ! ፓርክ ማድረጊያ የለም። ዌስትውድ ነው የምወስድሽ። ተራራ ለሚወጡ ሰዎች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ።»

ዌስትውድ ደርሰው መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሠላሳ ደቂቃ ዞሩ። ዘሪቱ ሥቃ፣ «ከዚህማ ግሌንዴል ይሻል ነበር፤» አለቻት። ሥርጉት አልሣቀችም።

ሱቁ ውስጥ ዘሪቱ በግ እንደሚገዛ ሰው ሆነች። ካልሲውን ገልብጣ ውስጡን ዳበሰች። ሱፉን ጉንጯ ላይ አድርጋ ይኮሰኩስ እንደሆነ ሞከረች። ቦት ጫማውን ልጅቱ ከምታደርገው አንድ ቁጥር ጨምራ ያዘች፤ ሁለት ካልሲ ተደርቦ ጣት ካልተንቀሳቀሰ ሙቀት የለማ! ሻጩ ልጅ የሚያምር ቀይ ካፖርት ቢያሳያት አንስታ ወደ መብራቱ ያዘችውና፣ «ይኼ ለፎቶ ነው፤» ብላ መለሰችለት። ከውስጥ የሚለበስ የሱፍ ሱሪ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ አልጋ ውስጥ የሚገባ የጎማ ከረጢት፣ እነዚህን መረጠች። ጓንቱ ላይ ግን ቆመች። አምስት ጣት ያለውን ተወችው። ጣቶች ለየብቻ ከሆኑ ይበርዳቸዋል፤ አብረው ሲገቡ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። አራቱን ጣት በአንድ የሚያስገባውን አነሣች።

«እጅሽን አምጪ፤» አለቻት ሥርጉትን። «የእሷን ያህላል። ግቢበት።»

ሥርጉት አስገባች። ዘሪቱ ጓንቱን ከላይ ጨበጥ ጨበጥ አደረገችው።

«ሞቀሽ?»

«ሞቀኝ፤» አለች ሥርጉት፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። ዘሪቱ የጓንቱ መልካምነት መሰላት።

መኪና ውስጥ ሥርጉት፣ «ስጪኝ፤ ነገ ፖስታ ቤት አደርስልሻለሁ፤» አለች።

«በሰው ነው የምልከው። ፖስታ ቤት አይቷት አይመጣልኝም። ዕቃ ያደረሰ ሰው ግን ተመልሶ ከስታ እንደሆነ፣ ሥቃ እንደሆነ ይነግረኛል። ጋሼ ተስፋሁን ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ ሚኒሶታ ይሄዳሉ።»

ጋሼ ተስፋሁን የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ናቸው። ዓመቱን አዲስ አበባ ከርመው በቅርቡ መመለሳቸው ነው። ሥርጉት መንገዱን እያየች ሬዲዮውን ከፈተች።

ማታውን አቢጌል ደወለች። «እማዬ፣ እባክሽ፣ ሁሉ ነገር አለኝ። ጋሼን አታድክሚያቸው። ሶ፣ ካመጡትም ሠርጉ ቤት ይተዉልኝ፤ ሄጄ እወስደዋለሁ።»

ዘሪቱ ግን ዕቃውን ያጨቀችበትን ሻንጣ ለጋሼ ተስፋሁን ስታስረክብ፣ «አደራ፣ ጋሼ፤ ፊቷን ሳያዩ እንዳይመለሱ፤» አለቻቸው።

ሠርጉ አልፎ በማክሰኞው ጋሼ ተስፋሁን ሱቅ መጡ። ሻንጣው በእጃቸው ነበር። ዘሪቱ የእርድ ከረጢት እያሰረች ነበርና ገመዱን ይዛ ቀረች።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ደኅና ናት። በመጀመሪያ ደኅና ናት። ቁጭ ይበሉ፣ እትዬ ዘሪቱ።»

«አልቀመጥም። ይንገሩኝ።»

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ደወልኩላት። መጣሁ ትለኛለች፣ አትመጣም። ሁለት ሰዓት ሙሉ! እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ‹ልጄ፣ ለእናትሽ አደራ አለብኝ፤ ሳላይሽ ከዚህ አልነቃነቅም› ስላት አለቀሰች። ‹ጋሼ፣ ብርድ ላይ አይቁሙ፤ እኔ እዚያ አይደለሁም፤ ሄጄም አላውቅ፤ ግሌንዴል ነኝ› አለችኝ።»

«ግሌንዴል?» አለች ዘሪቱ፤ ስሙን እንደማታውቀው አገር።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። «እትዬ ሥርጉት ያውቃሉ አለችኝ። ከእናቶች ጸሎትም የሚያውቁ አሉ። እኔ አገር ቤት ባልሆን ይሄኔ ነግሬዎት ነበር።»

በማግስቱ ረቡዕ በቤተ ክርስቲያናቸው የእናቶች ጸሎት ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ በየሳምንቱ፣ መሪዋ ሙሉዬ «የጸሎት ርእስ ያለው?» ስትል፣ መጀመሪያ የምትቆመው ዘሪቱ ናት። ያን ቀንም ቆመች።

«በበረዶ ውስጥ ላለችው ልጄ ጸልዩልኝ።»

«አሜን!» አሉ ሴቶቹ።

«አሜን ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ግሌንዴል ዛሬ በረዶው የት ድረስ ደርሷል?»

አንዲቱ ጫማዋን አየች። አንዲቱ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረች። ከአሥራ አንዱ ሴቶች ግራ የተጋቡት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ዘሪቱ አንድ በአንድ አየቻቸው። በየሳምንቱ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጭነው፣ «ጌታ ሆይ፣ በባዕድ አገር ብርድ ጠብቃት» ያሉት እነዚህ ናቸው።

«እኅት ዘሪቱ፣ ጌታ ይመስገን፣ አሁን በጌታ...» ብላ ጀመረች ሙሉዬ።

«ጌታንስ ተይው። እሱ አልዋሸኝም።»

ወጣች። ሥርጉት ደረጃው ላይ ደረሰችባት።

«ዘሪቱ፣ ቁሚ! አርግዛለች እሺ? አርግዛ ነው! ሰውዬው ጥሏት ሄደ። እናቴ በሐፍረት ትሞታለች ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። እስክትወልድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ራሷ ልትነግርሽ። ለስምሽ ብለን ነው።»

«ኤርፖርት ድረስ የወሰድሽን አንቺ ነሽ። ገብታ እጇን ስታውለበልብልኝ አይቻለሁ።»

ሥርጉት አቀረቀረች። «አንቺን ቤት አድርሼ ተመልሼ አመጣኋት።»

ዘሪቱ የደረጃውን ብረት ያዘች። ያን ቀን ሥርጉት ደግፋ ከመኪና አውርዳት፣ እንባዋን በራሷ ነጠላ ጠርጋላት ነበር። በዚያው እጇ የመኪናዋን መሪ ይዛ ተመለሰች ማለት ነው።

«ማርገዟን ተይው፤» አለች ቀስ ብላ። «ልጅ ፈርታ ትዋሻለች። አንቺ ግን እጅሽን ጓንት ውስጥ ከትተሽ፣ ሞቀሽ ወይ ስልሽ፣ ሞቀኝ አልሽኝ።»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?»

«ሌላ ምን ይባላል፣ ሥርጉት? ‹ዘሪቱ፣ አትግዢ› ነበራ።»

«ነይ፣ እኔ ድራይቭ አድርጌ ግሌንዴል ላድርስሽ።»

«አድራሻውን ስጪኝ። አውቶቡስ አለ።»

ሁለት አውቶቡስ ለውጣ ደረሰች። ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። አቢጌል በሩን የከፈተችው በባዶ እግሯ፣ እጅጌ በሌለው ቀሚስ ነው። ሆዷ ገፍቷል። «እማዬ» ብላ እዚያው በሩ ላይ ተንበረከከች።

«ተነሺ፤ ለሆድሽ ደግ አይደለም። ስንት ወርሽ ነው?»

«ሰባት።»

ዘሪቱ ገባች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ከጭኗ አላወረደችም። ልጅቱ ውሃ ቀዳችላት፤ ጠጣች። ክፍሏ ንጹሕ ናት፤ የሕፃን አልጋ ገና ካርቶኑ ውስጥ ነው። የተቀመጡበት በአውቶቡስ ካንድ ሰዓት ብዙም ያልራቀ ቤት መሆኑን ስታስብ፣ እነዚያ ሁሉ በስልክ ብርድ ስታይ ያነጋችባቸው ቀኖች ተራ በተራ መጡባት።

«ይቅር በይኝ፣ እማዬ።»

«ስትወልጂ አርስሻለሁ። ገንፎሽን የማገነፋው እኔ ነኝ፣ የማጥብሽም እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ግን በስልክ የምትነግሪኝን አላምንም። መጥቼ ነው የማየው። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።»

አቢጌል እየነፈረቀች ራሷን ነቀነቀች። «እትዬ ሥርጉትንም ይቅር በያት። እኔ ነኝ የለመንኳት። በእኔ የተነሣ አትጣያት፤» አለች።

ዘሪቱ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንቺን ልተውሽ ብል ልቤ እሺ አይለኝም፤ የወለድኩሽ ነሽ። እሷን ግን አልወለድኳትም። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ለይቼ፣ ወድጄ ነው የያዝኳት። ወድጄ የያዝኩትን መተው እችላለሁ።»

«እማዬ...»

«ወደ ፒኮ የሚመልሰው አውቶቡስ ከየት ነው የሚያዘው?» አለች ዘሪቱ፣ እየተነሣች።